«ልዋስ?» እና «ታውሺኛለሽ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ክፍል ውስጥ ጓደኛዬን «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ዲክሽነሪ?» ብዬ ስጠይቃት መምህራችን ሰምተው «ቦሮው ሳይሆን ሌንድ በይ» አሉኝ። እኔ ግን ሁለቱንም ብድር ብዬ ነው የማውቃቸው። ምንድን ነው ልዩነታቸው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ያላነሳልኝ ክፍል የለም፤ መነሻው ደግሞ እዚሁ አማርኛችን ውስጥ ነው። እኛ አንድ ግሥ ይዘን ፊቷ ላይ ያለችውን ፊደል ብቻ እንቀይራለን። ወሳጁ ተዋሰ፣ ሰጪው አዋሰ። ወሳጁ ተበደረ፣ ሰጪው አበደረ። «ተ» እና «አ» ሥራውን ይጨርሱልናል። እንግሊዝኛ ይህች ፊደል የለችውም፤ ስለዚህ ለወሳጁ አንድ ቃል፣ ለሰጪው ፍጹም ሌላ ቃል አስቀመጠ። ቦሮው የወሳጁ ነው፣ ሌንድ የሰጪው። አንቺ «አውሺኝ» ልትይ ፈልገሽ «ተዋሺኝ» እንዳልሽ ቁጠሪው።

ተማሪዎቼን የሚያደናግራቸው ሁለቱም ጥያቄ አንድ ነገር ለማግኘት መሆኑ ነው። ዕቃው ያው ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት እዪ። «መዝገበ ቃላትሽን ልዋስ?» ስትይ የምትዋሺው ራስሽ ነሽ፤ ስለዚህ «ካን አይ ቦሮው ዩር ዲክሽነሪ?» ይሆናል። «ታውሺኛለሽ?» ስትይ ግን የምታውሰው እሷ ናት፤ «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ዲክሽነሪ?»። ቦሮው ከኋላው ፍሮምን ያስከትላል፣ ሌንድ ደግሞ ቱን። ባንክ ሌንድ ያደርጋል፣ እኛ ከባንክ ቦሮው እናደርጋለን። ሌንድ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ሌንት ነው የሚሆነው፤ ፈተና ላይ ይህቺን እንዳትረሺ። ሎን በስምነት ብድሩ ራሱ ነው፤ አሜሪካኖች እንደ ግሥም ይጠቀሙበታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። እንግዳ ድንገት ደርሶባችሁ ከጎረቤት አምስት እንጀራ ብታመጡ፣ ያ እንጀራ ተበልቶ ያልቃልና የምትመልሱት ሌላ እንጀራ ነው፤ ይህ ብድር ነው። ምጣድ ብታመጡ ግን ያንኑ ምጣድ ነው የምትመልሱት፤ ይህ ውሰት ነው። ምጣድ ተበደርኩ የሚል ወሎዬ እስካሁን አልሰማሁም። እንግሊዝኛ ለእንጀራውም ለምጣዱም ቦሮው ይላል፣ ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመልሺው ብር ከሆነ ተበደርኩ፣ መጽሐፍ ከሆነ ተዋስኩ በይ። «ብድር በምድር» ሲባል ደግሞ ነገሩ የውለታና የበደል ዋጋ ስለሆነ ሎን ብለሽ እንዳትተረጉሚው።

ተከራየና አከራየ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ እንግሊዝኛ ሬንት በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ይላል፤ የሚለየው በፍሮምና በቱ ነው። እንግሊዞች ለአከራዩ ሌት የሚል ቃልም አላቸው። ተማረና አስተማረ ግን እንደ ቦሮውና ሌንድ ሁለት ቃል ነው፦ ለርን እና ቲች።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ቤተ ጊዮርጊስን ሳሳይ «ኢት ዋዝ ቢልት» ስል አንድ ጎብኚ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። ያጠፋሁት ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎብኚው የጠየቀህ ቃልህን አምኖ ነው። ቢልት ሲባል ለሰሚው የሚታየው ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጭቃ ተደራርቦ ቤት ሲሆን ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ግን አልተደራረበም፤ ዙሪያው ተቆፍሮ፣ መሀል የቀረው አለት ተጠርቦና ተፈልፍሎ ነው የወጣው። ስለዚህ «ካርቭድ ፍሮም ዘ ሮክ» በል። የዙሪያው ጉድጓድ ዲግ ነው፤ ኃላፊ ጊዜው ዳግ። ውቅር ለማለት ደግሞ ሮክ-ሂውን የሚለው አለልህ፤ ሂው በመጥረቢያና በመሮ ጠንካራ ነገር መጥረብ ነው። እኛ «ተሠራ» ብለን ሁሉንም ስለምንጠቀልለው ነው የምንሳሳተው፤ ቤት ይሠራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሬዲዮ ይሠራል፣ ሰውም ይሠራል። እንግሊዝኛ ግን ለቤቱ ቢልድ፣ ለወጡ ኩክ፣ ለሬዲዮውና ለሰውየው ወርክ ይላል።

እንግዶችህን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስትወስዳቸው ግን ቢልት የምትለው እዚያ ነው። እሱ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ረድፍ ተገንብቶ የቆመ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ልዩነቱ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ቃላት ስለሆነ እባክህ አታቀላቅልበት። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ዝናቸውም ከአለት በመፈልፈላቸው ነው። ቢልት ስትል ይህ ሁሉ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነው። የልጄ የቤት ሥራ ላይ ሼድ እና ሻዶው የሚል አለ፤ ሁለቱም ጥላ አይደሉም ወይ?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ በእኛ ሁለቱም ጥላ ናቸው። ሰኞ ገበያ ውለው ሲደክምዎት ዛፍ ሥር የሚያርፉበት ሼድ ነው፤ ፀሐይ የማያገኝዎት ቦታ። ሻዶው ግን ቅርጽ አለው፤ የሰው፣ የግመል፣ የዛፍ መልክ ይዞ መሬት ላይ ይወድቃል። ወደ ማታ የጦሳ ተራራ ጥላ ደሴ ላይ ሲወርድ ሻዶው ነው። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ሼድ ውስጥ እንቀመጣለን፣ ሻዶው ግን ይከተለናል። «ዝናብ ነው፣ ጥላ ያዝ» የምንለው ሦስተኛው ጥላ ደግሞ አምብሬላ ነው።