ዌብሳይቱ በማን ስም ነው?

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ ፔንሲዮን ከፍተሻል። አንድ ባለሙያ ዌብሳይት ልሥራልሽ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም እያለ ገንዘቡን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ ብለሻል።

እኔ ባሕር ዳር ላይ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት አመላልሳለሁ። ሁለት ጊዜ ዌብሳይት አሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ገንዘብ በልቶ ቀረ። ሁለተኛው እስካሁን እንግዳ ያመጣልኛል። ስለዚህ አሠሪ ነው የምልሽ። ግን ቀብድ ሳትከፍይ አንድ ነገር ጨርሺ፦ አድራሻው፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በማን ስም ነው የሚመዘገበው?

የእኔ ችግር የመጣው ከዚህ ነው። ያኔ የፈለግነው ዶት ኮም የሚገዛው በዶላር ነበር፤ እኔ ደግሞ የዶላር ካርድ አልነበረኝም። ሠሪው በራሱ ካርድና በራሱ ኢሜይል ገዛልኝ፣ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ። ዶሜይን ግን አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። ልጁ ሥራ ቀይሮ ከከተማ ወጣ፣ ስልኩም አልሠራ አለ። የማደሻው ማሳሰቢያ የሚሄደው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። ቀኑ አለፈ፣ ገጹ ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ስሙን ሌላ ሰው ገዛው። በጀልባዬ ጎን ያስጻፍኩት፣ በቢዝነስ ካርድ ያሳተምኩት አድራሻ የሰው ሆነ። ያን ቀን ያዘንኩትን አልረሳውም። አንቺ ሰው ቢከፍልልሽ እንኳ መመዝገቢያው ኢሜይል ያንቺ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም እጅሽ ይግባ። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ እሱንም ጠይቂ።

ሌላው ፎቶ ነው። የድሮው ገጼ ሲያዩት ያምር ነበር፤ ግን ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ነበሩ፣ አንዱ ብቻ 5 ሜጋባይት። በስልክ ዳታ ማን ይጠብቀዋል? አማርኛውም በፎቶው ላይ የተሠራ እንጂ የተተየበ አልነበረም፤ ሰው ጉግል ላይ ስለ ጣና ጀልባ ሲፈልግ እኔ አልወጣም። አሁን ሁሉም ተተይቧል፣ ፎቶው ከ200 ኪሎባይት አይበልጥም። አንዱ "ባሕር ዳር" ሌላው "ባህር ዳር" ብሎ ስለሚጽፍም ሁለቱንም አስገብተናል።

ምን ይጻፍበት ላልሽው፣ ደዋይ የሚጠይቅሽን ለአንድ ወር ደብተር ላይ መዝግቢ። እኔን አብዝተው የሚጠይቁኝ "ገዳሙ ሴት ይገባል ወይ?" እያሉ ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባል። ይህን መጀመሪያ ገጽ ላይ ስናወጣው የሚደውለው ሰው ሊይዝ የሚደውል ሆነ። ያንቺ እንግዳ ደግሞ ሙቅ ውሃ፣ መኪና ማቆሚያ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ከሁሉም በፊት ዋጋ ይጠይቅሻል። ዋጋ አትደብቂ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ፣ በተለይ በእንግሊዝኛው ገጽ። የእኛ "ጀልባ የሚነሳው 2፡00" ይል ነበር፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታችን ነው። ሁለት ፈረንጆች 2፡00ን በራሳቸው አቆጣጠር አንብበው፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት መጡ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነስቶ ነበርና ይዣቸው አልወጣሁም፣ በማግስቱም መንገደኞች ነበሩ። ዘጌን ሳያዩ ሄዱ። ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓት ስትጽፊ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን።

ፌስቡኩን አትተዪው፤ አዲስ ነገር የሚወራው እዚያ ነው። ጉግል ካርታ ላይም ፔንሲዮኑን ዛሬውኑ አስመዝግቢ፣ በነጻ ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ ግን አንድ ሰው ደጀን ላይ ሆኖ፣ በተራ ስልክና በዳታ፣ ገጹን ሳይከፍተው እንዳትከፍይ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወጥቶ "ማርቆስ ልደር ወይስ ልለፍ?" የሚለው እዚያ ሻይ ሲጠጣ ነው። ሻዩን ሳይጨርስ ስልክ ቁጥርሽና ዋጋሽ ካልታየው፣ ይስተካከል ብለሽ ለሠሪው መልሺለት።