ጎርሊትዝ፦ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት አገር

ባለፈው ስለ ጀርመን ምስራቃዊ ጫፍ ስለ ጎርሊትዝ ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ደስ ብሎኛል፤ ይህችን ከተማ ሰው እንዲያያት ከልቤ እፈልጋለሁ። ለማያውቋት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጎርሊትዝ በሳክሰን ክልል፣ ናይሰ በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ዝጎዠሌትስ አለች፤ እሷ ፖላንድ ናት። እስከ 1945 ድረስ ሁለቱ አንድ ከተማ ነበሩ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«የምኖረው ድሬስደን ነው። ጠዋት ሄጄ ማታ መመለስ ይበቃኛል ወይስ ማደር አለብኝ?»

ደርሶ መልሱ ይቻላል። ከድሬስደን የክልሉ ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርስሃል። ከበርሊን የሚነሳ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮትቡስ ላይ ባቡር ይቀይራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው፣ በመላው ጀርመን በክልል ባቡሮች የሚያስኬደው የወር ትኬት ካለህ ተጨማሪ አትከፍልም። ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ነው፤ ትራምም አለ።

ግን ከቻልክ እደር። ብዙ ሰው ሁለት ሰዓት ዞሮ፣ ሁለቱን ዳር የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ «አየሁት» ብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያየ ሰው አንዱን ዳር ብቻ ነው ያየው። እኔ የምመክርህ የመጀመሪያውን ቀን ለጀርመኑ ዳር፣ ሁለተኛውን ጠዋት ለፖላንዱ ዳር እንድትሰጥ ነው። የፖላንዱ ዳር አልጋም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል።

«ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ልሄድ ነው። ድልድዩ ላይ ማንም አይጠይቅም ይላሉ። እኔ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም፤ ያለኝ ገሽታቱንግ ብቻ ነው። ለግማሽ ሰዓት ተሻግሬ ብመለስ ምን ይመጣል?»

ወንድሜ፣ አትሻገር። ይህን ጥያቄ ሌሎችም ስለላኩልኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ድልድዩ እውነትም ያታልላል። ከትልቁ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ቁልቁል ወርደህ የምታገኘው የእግረኛ ድልድይ ነው። አጥር የለው፣ በር የለው። ሰው ውሻውን ይዞ ይሻገራል፣ ልጆች በብስክሌት ይመላለሳሉ። አንድ ደቂቃ ተራምደህ ሌላ አገር ትገባለህ። ሕጉ ግን ድልድዩ አጠረ ብሎ አይላላም። ገሽታቱንግ ጀርመን ውስጥ ሆነህ ውሳኔ እንድትጠብቅ የሚፈቅድ ወረቀት እንጂ ወደ ውጭ የሚያስኬድ አይደለም። እንዲያውም ገና መቀበያ ካምፕ ውስጥ ከሆንክ ከተመደብክበት አካባቢ ወጥተህ ጎርሊትዝ ለመምጣትም ፈቃድ ያስፈልግሃል። ዱልዱንግ (ከአገር መባረራችሁ ለጊዜው መታገዱን የሚገልጸው ወረቀት) የያዛችሁ ደግሞ የባሰ ነው። ከጀርመን ስትወጡ ዱልዱንጉ ያኔውኑ ይቀራል። ስንት ዓመት የተለፋበት ጉዳይ ለአንድ ፎቶ ሲበላሽ ማየት አልፈልግም።

«ፖሊስ የለም» የሚለውንም አትመኑ። ጀርመን በ2023 መጸው፣ ፖላንድም በጁላይ 2025 በዚህ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሰው ጀምረዋል። ጓደኛህ ባለፈበት ሰዓት ማንም አልነበረ ይሆናል፤ አንተ ስትመለስ ሊኖር ይችላል።

የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን በነፃነት ተሻገሩ። ካርዱን ከፓስፖርት ጋር፣ ወይም ስደተኝነታችሁ ተቀባይነት ያገኘ ከሆነ ከሰማያዊው የጉዞ ሰነድ ጋር ያዙ። ሁለቱም ያላለፈባቸው ይሁኑ፤ ዋናውን እንጂ ፎቶ ኮፒ አይሁን። በዚህ በሌላ የሸንገን አገር በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ። ካርዳችሁ እድሳት ላይ ሆኖ ፊክሲዮን የሚባለው ጊዜያዊ ወረቀት የተሰጣችሁ፣ ወረቀቱ ዓይነት ዓይነት ስላለው ከመሄዳችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ጠይቁ።

አንተ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ሲሻገሩ አንተ ከጀርመኑ ዳር ሆነህ የምታየው አታጣም። ወረቀትህ ሲስተካከል ድልድዩ እዚያው ይጠብቅሃል።

«እናቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር መጥታለች። ቪዛዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ፖላንድ ብንገባ ይቃጠላል? ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሙዚየም አትወድም፤ ምን ላሳያት?»

አይቃጠልም እህቴ። የሸንገን ቪዛ ከሆነና ቪዛው ላይ ለሁሉም የሸንገን አገሮች የሚል ከሰፈረ፣ ከጀርመን ፖላንድ መሄድ ከሸንገን መውጣት አይባልም። ፓስፖርቷን ብቻ ያዢላት።

ለእናትሽ የሚሆን ቦታ ስላለኝ ደግሞ ደስ ብሎኛል። በጀርመንኛ ሀይሊገስ ግራብ ይባላል፣ ቅዱስ መቃብር ማለት ነው። ጌዎርግ ኤመሪሽ የሚባል የጎርሊትዝ ባለጸጋ በ1465 ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። ኋላም የከተማው ከንቲባ ሆኗል። ከእሱ ጉዞ በኋላ፣ ከ1480 ጀምሮ እስከ 1504 ድረስ፣ የጌታ መቃብር አምሳያ ከከተማው ቅጥር ውጭ ተሠራ። በኢየሩሳሌም ያለው ዋናው መቃብር ከዚያ ወዲህ ፈርሶም ታድሶም መልኩ ተቀይሯል። የጎርሊትዙ ግን የያኔውን መልክ እንደያዘ አለ። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ተሳላሚዎች ያዩትን ዓይነት ነው እናትሽ የምታየው።

መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትገቢው። እዚያው ግቢ ባለ ሁለት ፎቅ ጸሎት ቤት አለ። የላይኛው ጎልጎታ፣ የታችኛው የአዳም ጸሎት ቤት ነው። ታች ስትገቡ ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ አሳያት። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በስቅለቱ ሰዓት ምድር ተናውጣ ዓለቱ መሰንጠቁን ለማስታወስ። ጎኑ ላይ ጌታ የተገነዘበትን የሚያስታውስ ትንሽ ቤት አለ። አጠገቡ የሚወርደውን ጅረት ቄድሮን ብለውታል፤ ደብረ ዘይትም አለ።

ላሊበላን የተሳለመ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛም ዮርዳኖስና ጎልጎታ አለን። ኢየሩሳሌም መድረስ ላልቻለ ሰው ኢየሩሳሌምን ደጁ ድረስ ማምጣት፣ ያ ልብ እዚህም ነበረ። የድሮዎቹ ምዕመናን ከጴጥሮስ ወጳውሎስ ተነስተው፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር የጲላጦስ ቤት አድርገው፣ እስከ መቃብሩ በእግር ይሄዱ ነበር። እናትሽ ጉልበቷ ደህና ከሆነ እናንተም እንደዚሁ ሂዱ። ጫማዋ ግን ጠፍጣፋ ይሁን፤ አሮጌው ከተማ ኮብልስቶን ነው፣ ከወንዙ ዳር መውጣቱም ዳገት አለው።

ከመነሳታችሁ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግቡና ኦርጋኑን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ ፀሐዮች ተቀርጸዋል፣ ቧንቧዎቹ እንደ ጨረር ዙሪያቸውን ተሰድረዋል። ኤውጄኒዮ ካስፓሪኒ የሚባል ባለሙያ ነው በ1703 የጨረሰው። ሲነካ የምትሰሙበት ሰዓት ካጋጠማችሁ አትለፉት።

«ጉዞዬ በጾም ወቅት ነው። የምበላው አገኛለሁ?»

ታገኚያለሽ። ጀርመኑ ዳር «ቬጋን» የሚለውን ፈልጊ፤ «ቬጌታሪሽ» ከተባለ ግን ቅቤና አይብ ይኖርበታል። ፖላንዱ ዳር ፒዬሮጊ የሚባል የተሞላ ሊጥ አለ። ጎመንና እንጉዳይ የተሞላውን ማዘዝ ትችያለሽ። ሊጡ ውስጥ እንቁላል እንዳለ ጠይቂ፤ ሲያቀርቡም ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ እንዳያፈሱበት አስቀድመሽ ተናገሪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጾመኛም ላልጾመም፦ ሽሌዚሸስ ሂመልራይሽ የሚባል የአካባቢው ዝነኛ ምግብ አለ። «የሲሌዥያ መንግሥተ ሰማያት» የሚል ስም ቢሰጡትም ከደረቀ ፍራፍሬ ጋር የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ነው። ስሙ አስጎምጅቶሽ እንዳታዢ። ሙስሊም ወገኖቼም ልብ በሉ።

«ሁለት ልጆች ይዤ ነው የምሄደው። ምስራቅ ጀርመን ለጥቁር ሰው አስጊ ነው ይባላል። እውነቱን ንገረኝ።»

እውነቱን እነግርዎታለሁ። ጎርሊትዝ አማራጭ ለጀርመን የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በጣም የጠነከረበት አካባቢ ነው። የፓርቲው መሪዎች ከሆኑት አንዱ ምክር ቤት የገባው ከዚሁ ወረዳ ተመርጦ ነው። ያው ከተማ ደግሞ በ2019 ለከንቲባነት የዚህን ፓርቲ ዕጩ ጥሎ፣ ሩማንያ ተወልዶ ያደገውን ሙዚቀኛ ኦክታቪያን ኡርሱን መርጧል። ያሸነፈው በ55 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ቀን ቀን አሮጌው ከተማ ቱሪስት የሞላበት ነው፤ የውጭ ተማሪዎችም አሉ። ልጆች ይዞ ለመዞር የሚያስፈራ አይደለም። ማታ ግን ሲመሽ ባዶ የሚሆነውን መንገድ ይተዉ፤ ሰልፍ ካለ በዚያ በኩል አይሂዱ፤ ማረፊያዎን መሀል ከተማ ያድርጉ። ክፉ ነገር ከገጠመዎት ከሰውየው ጋር እሰጥ አገባ አይግቡ፤ ጀርመኑ ዳር 110 ይደውሉ። 112 በሁለቱም ዳር ይሠራል።

ለልጆቹ ደግሞ ኡንተርማርክት አደባባይ ላይ ሹክሹክታ በር የሚሉት አለ። አንዱ ልጅ በቅስቱ በዚህ በኩል ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። ድምፁ በቅስቱ ቦይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ቶሎ እንዲሄዱ አይጠብቁ።

«የአሮጌውን ከተማ ቤቶች ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዴት ሳይነካቸው ቀረ? ማዶውስ ምን አለ?»

ጎርሊትዝ እንደ ድሬስደን በቦምብ አልተመታችም። የፈረሱት ድልድዮቹ ናቸው፤ እነሱንም ያፈረሳቸው ሲያፈገፍግ የነበረው የራሷ የጀርመን ጦር ነው፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 7 ቀን 1945። አሁን የምትሻገሩበት የእግረኛ ድልድይ በቦታው የተሠራው ገና በ2004 ነው። በዚያ ቦታ ያለ ድልድይ ወደ ስልሳ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ቤቶቹ ከጦርነቱ ተርፈው በምስራቅ ጀርመን ዘመን በእርጅና ሊወድቁ ደርሰው ነበር። ከ1990 ወዲህ ነው እድሳቱ የተጀመረው። በ1995 ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው ለአሮጌው ከተማ እድሳት ይሁን ብሎ አንድ ሚሊዮን ማርክ ላከ። በየዓመቱም ላከ፤ ማርኩ ወደ ዩሮ ሲቀየርም አላቋረጠም፣ እስከ 2016 ድረስ። ማን እንደሆነ ከተማው አያውቅም። ስጦታ ሰጥቶ ዝም ማለት እንዲህ ነው!

ማዶው የባሰ ታሪክ አለው። ድንበሩ ናይሰ ላይ ሲሆን በምስራቁ ዳር የነበሩት ጀርመኖች ተባረሩ። በምትካቸው የሰፈሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ሶቪየት ኅብረት ከወሰደችው ምስራቅ ፖላንድ የተፈናቀሉ ነበሩ። ቀጥሎ ደግሞ ከግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ብዙ ግሪኮች መጡ። ዛሬም በወንዙ ዳር በግሪኮች ስም የተጠራ መንገድ አለ። ከተማው ውስጥም የቅዱሳን ቆስጠንጢኖስና እሌኒ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። እሌኒን የማያውቅ ከእኛ መካከል የለም፤ የመስቀልን በዓል ስናከብር ስሟን እንጠራለንና።

ጊዜ ካላችሁ ከከተማው ደቡብ ወጣ ብሎ የነበረውን የጦር ምርኮኞች ካምፕ እዩ። ሽታላግ 8አ ይባል ነበር። ፈረንሳዊው አቀናባሪ ኦሊቪዬ ሜሲያን እዚያ ታስሮ ሳለ የጻፈውን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት በጃንዋሪ 15 ቀን 1941፣ በብርድ፣ ለምርኮኞችና ለጠባቂዎቻቸው ነው። አሁን በቦታው የመታሰቢያ ማዕከል ቆሟል። ከድልድዩ ራቅ ስለሚል በእግር ከሆነ ጊዜ ያዙ፣ ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ዝሎቲ ወይም ካርድ ይኑራችሁ።