በባንኮክ አንድ ነፃ ጠዋት፦ እናትን ይዞ መጎብኘት

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። እናቴን ለሕክምና ወደ ታይላንድ ይዣት ልሄድ ነው። ሐኪሟ ከሚያያት ቀን በፊት ባንኮክ ውስጥ አንድ ጠዋት ነፃ ጊዜ ይኖረናል። የምናርፍበት ሆቴል የግማሽ ቀን የከተማ ጉብኝት እንደሚያዘጋጅ ጽፎልኛል፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ታላቁን ቤተ መንግሥት፣ ሦስት ቤተ መቅደሶችን፣ የቻይናውያንን ሰፈርና አንድ የከበሩ ድንጋዮች መሸጫን ያሳያል። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷንም ያማታል። ኦርቶዶክሳዊት ስለሆነችም የቡድሃ ቤተ መቅደስ መግባቱ ያሳስባታል። ይህን ጉብኝት ብንገዛ ይሻላል ወይስ በራሳችን ታክሲ ይዘን ብንሄድ? — ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከአስጎብኚ ጋር ይሂዱ፤ ይህን መርሐ ግብር ግን አይግዙ። ታላቁ ቤተ መንግሥት ብቻውን ከ218 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ቦታ የያዘ፣ ዙሪያው 1,900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ግቢ ነው። ከአራቱ ሰዓት ላይ የባንኮክ መንገድ መጨናነቅ የሚወስደው ሲቀነስ፣ ለስድስት ቦታ የሚተርፈው ጊዜ ከመኪና ወርዶ ፎቶግራፍ ከማንሳት አያልፍም፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ደግሞ መውጣትና መውረዱ ራሱ ድካም ነው። የድንጋይ መሸጫው በመርሐ ግብሩ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሱቁ ለአስጎብኚው ድርጅት ኮሚሽን ስለሚከፍል እንጂ የከተማዋን ታሪክ ስለሚያሳይ አይደለም። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱንና አጠገቡ ያለውን ዋት ፖ የተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ብቻ የሚያሳይ፣ ለእናንተ ለሁለታችሁ ብቻ የሚመደብ አስጎብኚ ይጠይቁ። ዋጋው ከቡድን ጉብኝት ከፍ ቢልም፣ እናትዎ ሲደክማቸው አረፍ ብለው፣ እርስዎም የተነገረውን በአማርኛ እያስረዷቸው መሄድ የምትችሉት በዚህ መንገድ ነው።

አስጎብኚው የሚያስፈልገው መንገድ ለማሳየት ሳይሆን የቦታውን ትርጉም ለመንገር ነው። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩታያ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ መንግሥቱ ለጥቂት ዓመታት በቻኦ ፍራያ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በቶንቡሪ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1782 ዙፋን ላይ የወጣው ንጉሥ ራማ 1ኛ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ተሻግሮ ቤተ መንግሥቱን መሥራት ሲጀምር፣ በቦታው ይኖሩ የነበሩት ቻይናውያን ወደ ሳምፔንግ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ የዛሬው የቻይናውያን ሰፈር የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው። ለግንባታው ከአዩታያ ፍርስራሽ ጡብ እየተነቀለ በወንዙ ላይ በጀልባ ተጓጓዘ። ንጉሡ የጠፋችውን ከተማ መልሶ ለማቆም እንዳሰበ የሚያውቅ ጎብኚ፣ የወርቅ ቅብ ማማዎቹን የሚያያቸው በሌላ ዓይን ነው።

በግቢው ውስጥ ያለው የመረግድ ቡድሃ የተባለው ሐውልትም እንዲሁ ነው። ስሙ መረግድ ይባል እንጂ የተቀረጸው ከሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱም 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑና ከፍ ባለ መንበር ላይ ስለተቀመጠ፣ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶ ይወጣል። ሆኖም በሙቀት፣ በዝናብና በቀዝቃዛ ወቅት መግቢያ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ንጉሡ ራሱ የሐውልቱን የወርቅ ልብስ እንደሚቀይር ሲነገርዎ የአገሪቱ ዙፋንና ሃይማኖት ምን ያህል እንደተሳሰሩ ይገባዎታል። ሐውልቱ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው። እኔ እናትዎ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲቆዩ የምመክረው በዙሪያው ባለው ጥላማ መተላለፊያ ነው፤ ራማኪየን የተባለው የታይላንድ ጥንታዊ የጀግንነት ታሪክ በ178 የግድግዳ ሥዕሎች ተከታትሎ ተስሎበታል። በጎጃምና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ታሪክን በሥዕል መከተል ለለመዱ እናት ይህ እንግዳ የሚሆንባቸው አይመስለኝም።

ስለ እምነታቸው የጠየቁት በቁም ነገር የሚታይ ነው። ጎብኚ እንዲሰግድ፣ ዕጣን እንዲያጤስ ወይም መባ እንዲሰጥ የሚያስገድደው የለም። አዳራሾቹ ውስጥ ሳይገቡ ግቢውን፣ መተላለፊያውንና ሕንፃዎቹን ማየትም ይቻላል፤ ውሳኔው የእርሳቸው ነው፣ ከፈለጉም ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ከገቡ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ ይህ ለእርሳቸው አዲስ አይሆንም። ሲቀመጡ እግርን ወደ ሐውልቱ አለመዘርጋትና ሴቶች ደግሞ መነኮሳቱን አለመንካታቸው የሚጠበቅ ሥርዓት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስላለበት እጅጌ ያለው ረጅም ቀሚስ ይልበሱ፤ እርስዎም ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ አይልበሱ።

ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ በሚገኘው ዋት ፖ፣ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጋደም ያለ የቡድሃ ሐውልት አለ፤ በውስጥ እግሮቹ ላይ 108 ምልክቶች በሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል ተሠርተዋል። በራማ 3ኛ ዘመን ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሌሎችም ዕውቀቶች በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍረዋል። ቦታው በባህላዊ ማሳጅ ትምህርት ቤቱም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ የእናትዎን ጉልበት ሳያይ ማንም ማሳጅ እንዳያደርግላቸው አደራ እላለሁ። ዋት አሩን የተባለው ሌላው ቤተ መቅደስ ከወንዙ ማዶ ስለሆነና ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ከዚህኛው ዳርቻ ማየቱ ይበቃል።

ቤተ መንግሥቱ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእነርሱ 8፡30 ነው። ሙቀቱም ሕዝቡም ሳይበረታ በዚያ ሰዓት በር ላይ ይገኙ። ከመክፈልዎ በፊት 500 ባት የሆነው የውጭ ዜጎች መግቢያ በዋጋው ውስጥ ይካተት እንደሆነና በመንገድ ላይ ሱቅ መግባት እንደሌለ በጽሑፍ ያረጋግጡ። በታይላንድ ሕግ አስጎብኚነት ለአገሪቱ ዜጎች ብቻ የተተወ ሥራ ስለሆነ አስጎብኚው የፈቃድ ካርድ ሊኖረው ይገባል፤ እንዲያሳይዎት መጠየቅ ነውር የለውም።

በራሳችሁ ብትሄዱ ደግሞ ሳናም ቻይ የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ለዋት ፖ ቅርብ ነው፤ ከዚያ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ያለው የእግር መንገድ ግን ለእናትዎ ይረዝማል። በአካባቢው አንድ ትሑት ሰው ቀርቦ «ዛሬ ለጸሎት ተዘግቷል፤ በቱክ ቱክ (በባጃጅ) ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» ቢላችሁ አትመኑት፤ የብዙ ጊዜ ማታለያ ነው፣ መጨረሻውም የድንጋይ ሱቅ ነው። ክፍት መሆኑን በሩ ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ለምሳ ሲሄዱ ይጠንቀቁ፤ የአትክልት ምግብ የሚባለው ሁሉ በአብዛኛው ከዓሣ የሚዘጋጅ ጨዋማ ማጣፈጫ ይጨመርበታል። በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የታይ ፊደል «ጄ» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ቤት ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ያቀርባል። አስጎብኚውን ከመሰናበታችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።