ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ማማው ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። የሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ልጄ እንግሊዝ አገር ነው የምትኖረው። በቀደም እዚያው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዳ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለት ረጃጅም የድንጋይ ማማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ከኋላቸው ግን የፈረሰ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። «አባዬ፣ ይሄ ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ቦታው ሪከልቨር ይባላል» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ ማማውን ማስቀረት ምን የሚሉት ነገር ነው? ደግሞስ የእኛ እስጢፋኖስም ውኃ ዳር ነው፤ እሱ ለምን እንዲህ ያለ ማማ የለውም?
አንድ አባት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባጭሩ፣ ምእመናኑ ትተውት ሲሄዱ መርከበኞቹ እንቢ ስላሉ ነው የቀረው።

ሪከልቨር በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት በሚባለው ግዛት ነው ያለው። መጀመሪያ የሮማውያን ምሽግ ነበር። በ669 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ምሽጉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። ማማዎቹ የተጨመሩት በ12ኛው መቶ ዓመት ነው፣ እዚህ እኛ ጋ ላሊበላ ከሚፈለፈልበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ። ያኔ ባሕሩ ራቅ ያለ ነበር። ግን አፈሩ ልል ነው፤ ማዕበሉ እየቦረቦረ፣ ገደሉ እየተናደ፣ የምሽጉ ግማሽ ያህል ባሕር ገባ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ውኃው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሰ። በ1809 አፈረሱትና ከድንጋዩ ወስደው ከባሕሩ ፈቀቅ ባለ ቦታ ሌላ ሠሩበት። ከ1100 ዓመት በላይ የተጸለየበት ቦታ እንዲህ ሲሆን ያሳዝናል፣ እኔን በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ማማዎቹን ያዳናቸው ትሪኒቲ ሀውስ የሚባል ድርጅት ነው። በ1514 የተቋቋመ ነው፣ ሥራው መርከብ ከአደጋ እንዲተርፍ ምልክትና መብራት መትከል ነው። በ1810 ማማዎቹን በ100 ፓውንድ ገዛቸው። ባሕሩ እንዳይበላቸውም መሠረታቸውን አጠናከረ። ለምን ቢሉ፣ በዚያ በኩል ወደ ለንደን የሚገባ መርከብ በአሸዋ ክምሮች መሀል ነው የሚያልፈው፤ አሸዋው ውኃ ውስጥ ነው፣ አይታይም። ዳርቻው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ቦታ አንድ ነው። ሁለት ማማ የታየበት ቦታ ግን ሪከልቨር ነው፣ ከሌላ ጋር አይምታታም።

የከፍታን ነገር ልጅ ሆነው ማማ ላይ ወጥተው ማሽላ የጠበቁ ከሆነ ያውቁታል። ከፍ ያለ ሩቅ ያያል፣ ከሩቅም ይታያል። ባሕር ላይ ይህ በቁጥር ይሰላል፤ ምድር ክብ ስለሆነች 35 ሜትር የሆነ ማማ፣ ዓይኑ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ላለ መርከበኛ፣ ቀኑ ጥርት ካለ ከ28 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ብቅ ይልለታል። ስለዚህ ለጸሎት ጥሪ የተሠራ ደወል ቤት ሳይታሰብ የመርከብ መሪ ሆነ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዌስትካፔለ የሚባል ቦታም በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ማማ አለ። በ1818 አናቱ ላይ የመርከብ መብራት ተተከለበት፣ በ1831 ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፣ ማማው ግን ዛሬም ማታ ማታ ያበራል።

አሁን ወደ እስጢፋኖስ ልምጣ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ገደማ ገዳሙን ሲያቀኑ ቦታው ደሴት ነበር፣ አሁን ነው ከመሬቱ ጋር የተያያዘው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንዱ ዳር ቆመው ሌላውን ዳር ያዩታል፣ በሌሊት የሚገባ መርከብም የለም። ማማ ምን ያደርግለታል?

ምልክት የለውም ማለት ግን አይደለም። ባለፈው ክረምት በታንኳ ስንሻገር ጠዋት ነበር፣ ጉም ገና አልተነሣም። ቀዛፊው ልጅ የገዳሙን ዛፎች እያየ ነው የሚቀዝፈው። «ያቺን ረጅሟን ዛፍ ከኋላዋ ካለው ጉብታ ጋር አንድ ላይ ካደረግካት ቀጥ ብለህ ትደርሳለህ፣ ዛፏ ወደ ግራ ከወጣች አንተ ወደ ቀኝ ሄደሃል ማለት ነው» አለኝ። የባሕር ካፒቴኖችም በሁለት ምልክት የሚሄዱት ልክ እንደዚሁ ነው፣ አንዱን ከሌላው ፊት አሰልፈው። ልጁ ይህን ከማንም ትምህርት ቤት አልተማረውም።

እና ጋሼ፣ በወሎ ሜዳም ሆነ ተራራ መንገደኛ «ያ ደብር ነው» የሚለው ጉልላቱን ከማየቱ በፊት በጥዱና በወይራው ነው። እንግሊዞቹም ይህን ያውቁ ነበር። በ1566፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው የባሕር ምልክቶች ሕግ፣ ለመርከበኛ ምልክት የሆነ የቤተ ክርስቲያን ማማም ሆነ ዛፍ ማጥፋትን ከልክሎ ነበር። ቅጣቱ 100 ፓውንድ፤ በዚያ ዘመን ሀብት ነው። ዛፉን ከማማው እኩል ነው የቆጠሩት፣ እኔ ደግሞ ልክ ናቸው ባይ ነኝ።

ለልጅዎ መልስ ፎቶ ሲልኩላት ታዲያ ከማዶ፣ ከውኃው ባሻገር ሆነው ያንሱት። ጠዋት ይሁን፣ ዛፎቹ ውኃው ላይ ሲያርፉ።