የፋሲካ ስፖንሰርነት ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሽሮና በርበሬ አሽገሽ ለአዲስ አበባ ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች ታከፋፍያለሽ፤ ለማስታወቂያ 400,000 ብር መድበሻል፤ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ደግሞ በቴሌቪዥን የፋሲካ ልዩ ዝግጅት ላይ ስፖንሰር ሁኚ እያለ ይወተውትሻል። «ልግባበት ወይስ ሬዲዮ ይሻለኛል?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ቴሌቪዥን የበለጠ ተደራሽ ነው» ብለው አልፈዋል። ለማን፣ መቼ፣ በስንት ብር? ይህን የነገረሽ የለም። እኔ ፈሳሽ ሳሙና አመርታለሁ። ሽሮሽን የምትገዛው እናት የእኔንም ሳሙና የምትገዛው እርሷው ናት፤ ስለዚህ በእኔ ላይ የደረሰው በአንቺም ላይ እንዳይደርስ ልዘርዝርልሽ።

1. የፋሲካውን ስፖንሰርነት ተዪው። የበዓል ዝግጅት ሲጀመር አቅራቢው የስፖንሰሮችን ስም ሲያነብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ፤ ባንክ፣ ሪል እስቴት፣ ቀለም፣ ፍራሽ፣ ብስኩት፣ የምግብ ዘይት፣ እንደገና ሌላ ባንክ። በሙያው የድምፅ ድርሻ የሚባል ነገር አለ፤ በዚያ ሰዓት ከሚሰማው ማስታወቂያ ሁሉ የአንቺ ስንት እጅ ነው ማለት ነው። በአንቺ ገንዘብ የምታገኚው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ስምና ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፍ ምልክት ነው። እኔ በአንድ የገና በዓል ቤታችን የተሰበሰቡትን ዘመዶች፣ ዝግጅቱ እንዳለቀ «ስፖንሰሮቹ እነማን ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአንድ ባንክ በቀር የተጠራ ስም የለም፤ እርሱንም የጠሩት አማቴ ናቸው፤ ገንዘባቸው እዚያ ስላለ።

ደግሞስ ሽሮ ለፋሲካ? ሰው ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ ከርሞ፣ ዶሮና ዓይብ በቀረበለት ሰዓት የሽሮ ስም ብትጠሪለት በየትኛው ጆሮው ይስማሽ? «በርበሬስ?» ትዪኝ ይሆናል። የዶሮ ወጡ በርበሬ የሚገዛው ከሕማማት ሳምንት በፊት ወይም በዚያው ሳምንት ነው። ዝግጅቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ወጡ ወርዷል።

የአንቺ ወቅት ነነዌ ናት። ነነዌ ሰኞ ትገባለች፤ ልክ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው የጾመኛው ቤት ሁሉ ሽሮውን የሚያሟላው። የገንዘብሽን ትልቁን ድርሻ እዚያ ላይ አውጪው፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ቀንሺው፤ ሕማማት ሲቃረብ ለበርበሬው ብቻ እንደገና ከፍ አድርጊው። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ማስተዋወቅ ባንኮቹ የሚችሉት ነው፤ አንቺና እኔ ወቅት መርጠን መግባትና መውጣት አለብን። በእርግጥ ዕቃው ሱቅ ውስጥ ሳይገባ ማስታወቂያው እንዳይጀምር፤ ይህን ሳታውቂው አትቀሪም።

2. «ስንት ሰው ያየዋል?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። «ከሚያዩት ስንቱ ከእኔ ሊገዛ ይችላል?» በይ። ለሒሳቡ እንዲመች ቁጥሮቹን እኔ ልፍጠር። አንድ የቴሌቪዥን ስፖት፣ ማለትም አንድ ጊዜ የሚተላለፍ ማስታወቂያ፣ 40,000 ብር ቢሆንና 400,000 ሰው ቢያየው፣ ሺህ ሰው ጋ ለመድረስ 100 ብር ከፈልሽ ማለት ነው። አንድ የሬዲዮ ስፖት 3,000 ብር ቢሆንና 20,000 ሰው ቢሰማው ለሺህ ሰው 150 ብር ይሆናል። ሻጩ እዚህ ላይ ቆሞ «አየሽ፣ ቴሌቪዥኑ ረከሰ!» ይልሻል። ነገር ግን ሽሮሽ የሚገኘው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ከተመልካቹ አዲስ አበባ ያለው 80,000 ብቻ ቢሆን ለሺህ ሰው የከፈልሽው 500 ብር ሆነ። የከተማው ኤፍ ኤም አድማጭ በአብዛኛው እዚሁ ስለሆነ፣ ከ20,000ው 15,000ው ቢቀርልሽ 200 ብር ነው። ለጎንደርና ለጅማ ተመልካች ከፍለሽ ሽሮሽን የሚገዛበት ሱቅ ካላሳየሽው፣ ያ ገንዘብ ለጣቢያው የሰጠሽው ስጦታ ነው።

ሌላ አገር ተመልካቹ በየቀኑ በመሣሪያ ይለካል፤ እኛ ግን በአብዛኛው ሻጩ የነገረንን ቁጥር ይዘን ነው የምንደራደረው። ስለዚህ የራስሽን ጥናት ሥሪ። እኔ ሳሙና የሚያደርሱትን ልጆች በየሱቁ «የትኛው ጣቢያ ነው የተከፈተው?» የሚለውን ከሰዓቱ ጋር እንዲጽፉ አደረግኩ። ወጪው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ውጤቱም የማስታወቂያ ድርጅቱ በሚያምር ወረቀት አትሞ ካመጣልኝ ጋር አልገጠመም።

3. አራት ጣቢያ ላይ አትበትኚው። ባለሙያዎቹ የተደራሹን ብዛት በድግግሞሹ አባዝተው ድምር ነጥብ ያወጣሉ። ከመቶ ሰው 40ው አምስት አምስት ጊዜ ቢሰማሽ 200 ነጥብ ነው፤ መቶውም ሁለት ሁለት ጊዜ ቢሰማሽ ያው 200 ነጥብ ነው። ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው። ለአዲስ ስም ግን የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ የሰማ ሰው ገና «ማን ነበር ያለው?» እያለ ነው። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ተመራማሪ ኸርበርት ክሩግማን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ሰው መጀመሪያ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፣ ቀጥሎ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይላል፣ ሦስተኛው ማስታወሻ ነው። በዚህ ገንዘብ አራት ጣቢያ መግዛት አንድ ጭልፋ ወጥ ለሠርግ ቤት ማካፈል ነው። አንድ ጣቢያ፣ ቢበዛ ሁለት ያዢ።

ከክሩግማን በኋላ የመጣው የማስታወቂያ ዕቅድ ባለሙያ ኧርዊን ኤፍሮን ደግሞ ቁጥሩን ትተን ሰዓቱን እንድናይ መከረ፤ ለመግዛት በተቃረበ ሰው ጆሮ የገባች አንዲት ማስታወቂያ ብዙ ሥራ ትሠራለች ነው ነገሩ። የታወቀ ምርት ላይ ይህ ያስኬዳል። አንቺ በመጀመሪያ ስምሽን በድግግሞሽ አስተዋውቂ፤ ከዚያ ግን የኤፍሮንን ምክር በእኛ አቆጣጠር ተጠቀሚበት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ አስነግሪ፤ የነገው ወጥ የሚታሰበው ያኔ ነው። የረፋዱ ሰዓት ደግሞ ሰው ወደ ሥራ ከሚሄድበት ከጠዋቱ ሰዓት ይረክሳል። የማስታወቂያ ድርጅቶች ይህን ሲነግሩሽ አትሰሚም፤ ውድ ሰዓት ሲሸጡ የሚያገኙት ኮሚሽን ይበዛል። በዓለም ላይ የቆየው ልማድ ከመቶ 15 ነው፤ ከ40,000 ብር 15 በመቶና ከ3,000 ብር 15 በመቶ የቱ እንደሚጣፍጥ አንቺው አስቢው።

4. አሁን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ላይ ደረስኩ። ማስታወቂያሽ መተላለፉን የምታረጋግጪበት መንገድ ሳይኖር ሙሉ ክፍያ አትክፈዪ።

በከተማው ኤፍ ኤም የምትሰሚው ፕሮግራም ሁሉ የጣቢያው አይደለም። ብዙውን የሚያዘጋጁት ከጣቢያው የአየር ሰዓት የገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው፤ ማስታወቂያውንም ፈልገው የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው። ገንዘቡን የሚቀበልሽ አንዱ፣ ማስታወቂያውን የሚያጫውተው ሌላው ነው። እኔ ለአዲስ ዓመት ሰሞን ከአንድ አዘጋጅ 60 ስፖት ገዛሁ፤ ገሚሱ በእርሱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ገሚሱ በጣቢያው ሌሎች ሰዓቶች የሚተላለፍ። ቀኑና ሰዓቱ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ከውሉ ጋር ካልተያያዘ አልፈርምም አልኩ። ንግድ ከመጀመሬ በፊት መጋዘን ውስጥ ስለሠራሁ ያለ ወረቀት ዕቃ አላስወጣም። አዘጋጁ ቅር እያለው አያያዘው።

ሳሙና የሚያሽጉት ሠራተኞቼ ሬዲዮ ከፍተው ነው የሚውሉት። ለአንዷ ደብተር ሰጥቼ «የእኛ በተነገረ ቁጥር ሰዓቱን ጻፊ» አልኳት፤ ማታ ማታ ባለቤቴ ተቀበለቻት። ወቅቱ ሲያልቅ ደብተሩ 41 ይላል።

አዘጋጁን ስጠይቀው «የሚያጫውተው ጣቢያው ነው» አለ። ጣቢያው ስሄድ «ከእኛ ጋር ውል የለህም» ተባልኩ። የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ልጄ የምትሆን ናት። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ሬዲዮ ስትቆጥር ነው የምትውለው? ሥራ የለህም?» አለችኝ። አንተ ማለቷን እንኳ ልለፈው፤ ገንዘቤን ተቀብሎ ቁጥር ማወቄን እንደ ነውር ማየት ግን ምን ይባላል? ወንበር ላይ ተቀመጥኩና የስርጭት ማረጋገጫ ደብዳቤ ካልተሰጠኝ አልነሣም አልኩ። በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ስልሳውም ተላልፏል ይላል፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ።

ያንን ደብዳቤ ቤት ወስጄ ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩት። አንዱ መስመር «ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05» ይላል። በዚያች ቅዳሜ፣ በዚያች ደቂቃ ጣቢያው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። ልጄ የሚደግፈው ቡድን ስለሆነ ከፊሽካው እስከ ዕረፍቱ ከዚያ ሬዲዮ አልተነሣም፤ በመካከል የገባ ማስታወቂያ የለም። ደብዳቤውን ይዤ ክፍል ኃላፊዋን አልፌ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ጋዜጠኛችሁ ኳስ እያስተላለፈ ሳለ የእኔ ሳሙና በየት በኩል ገባ?» አልኩት። የስርጭት ቅጂው ተከፈተ። የለም። ሌሎቹም ተከፈቱ። አሥራ ዘጠኙም የሉም።

ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥ ያናድዳል። «እናካክስልሃለን» አሉና ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ሊያስተላልፉልኝ ሠንጠረዥ ሠሩ። የጠዋት ሰዓት የገዛሁ ሰው በጠዋት ነው የሚካካስልኝ ብዬ ተከራክሬ አሸነፍኩ። ማካካሻው የተላለፈው ግን መስከረም ገፍቶ ነው። ሰው ለእንቁጣጣሽ ቤቱን አጥቦ፣ ምንጣፉን አስጥቶ፣ ጨርሶ! ሳሙናውን ያኔ ማን ይፈልገዋል?

ስለዚህ በውልሽ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ስምምነቱ በአንቺ፣ በአዘጋጁና በጣቢያው መካከል ይሁን፤ ጣቢያው አልፈርምም ካለ ቢያንስ ሠንጠረዡን መቀበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጥሽ። ሰዓቱ ሲጻፍ ጠዋት፣ ቀን ወይም ማታ የሚለው ይግባበት። ያልተላለፈ ስፖት ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በተመሳሳይ የሰዓት ክልል ይካካሳል፤ ከገባ በኋላ ግን ገንዘቡ ይመለሳል እንጂ ማካካሻ አይታሰብም። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት እንደሆነ ይገለጽ፤ 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከክፍያው የመጨረሻው ክፍል የስርጭት ማረጋገጫው ከቀረበና ከአንቺ ደብተር ጋር ከተመሳከረ በኋላ ይከፈል።

«እንዲህ ያለ ውል ማን ይፈርምልኛል?» ብለሽ አትፍሪ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ጣቢያዎቹ ትልቁን ደንበኛቸውን አጥተዋል። የሚያሳዩሽ የዋጋ ዝርዝር የድርድር መነሻ ነው። ዋጋ አንቀንስም ካሉሽ ተጨማሪ ስፖት ጠይቂ።

የቴሌግራም ቻናል ግዢ ያሉሽም አሉ። መጥፎ አይደለም፤ ግን የአባላቱን ብዛት ትተሽ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር እዪ። ሁለት መቶ ሺህ አባል ያለው ቻናል ጽሑፉን ስምንት ሺህ ሰው ብቻ ካየው፣ የምትከፍዪው ለስምንቱ ሺህ ነው። ከስምንቱ ሺህም ስንቱ ዱባይና ዋሽንግተን እንዳለ ጠይቂ። ቢልቦርድ በዚህ ገንዘብ አይታሰብም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የማስታወቂያውን ጽሑፍ ስታጽፊ «እንደ ሌሎቹ ሸክላ ያልተቀላቀለበት በርበሬ» የሚል ነገር እንዳታስገቢ። እውነት ቢሆንም ተዪው። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 የሌላውን ምርት ማንቋሸሽ ይከለክላል፤ ተወዳዳሪሽ ከከሰሰሽ የማስታወቂያ ገንዘብሽ ለጠበቃ ይሆናል። በርበሬሽ የት እንደተፈጨና በምን እንደተቀመመ ተናገሪ፤ ይበቃል።

ጣቢያው የትኛው እንደሆነ በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ያላችሁ፣ አልናገርም። ሥራ አስኪያጁ ተቀይሯል፤ ዘንድሮም እዚያው ነው ያስነገርኩት። ቅድሚያ የከፈልኩት ግን 30 በመቶ ብቻ ነው፤ ደብተሩም አሁንም ማሸጊያው ክፍል ተንጠልጥሏል።