ፓሌቱ ከዶሊው ላይ ወደቀ፤ ዋጋው ከደመወዜ ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአየር ማረፊያ የጭነት ዶሊ (ሞተር የሌለው ተጎታች ጋሪ) የሚጎትት ትራክተር ሹፌር ነኝ። የቀጠረኝ አውሮፕላኖችን በምድር ላይ የሚያስተናግድ ድርጅት ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ጭነት በአራት ዶሊ ይዤ ስሄድ፣ ኩርባ ላይ ከመጨረሻው ዶሊ አንድ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መደብ) ከነጭነቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ የማሽን ዕቃ ግን ተሰባብሯል። የዚያ ዶሊ መቆለፊያ በአንድ በኩል ሞላው ላልቶ አልነሳ ብሎ ነበር። ከመነሳቴ በፊት ለሱፐርቫይዘሬ ነግሬዋለሁ። «አውሮፕላኑ እየጠበቀ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለኝ። አሁን ድርጅቱ «ሹፌሩ ጭነቱን በአግባቡ ሳያስር በመንዳቱ» የሚል ወረቀት አቅርቦልኛል። ጥፋቱን አምኜ፣ የዕቃው ሙሉ ዋጋ በየወሩ ከደመወዜ እንዲቆረጥ እንድስማማ ይጠይቃል። ካልፈረምክ ትባረራለህ ተብያለሁ። ምን ላድርግ? ሥራውን ብለቅ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ወረቀቱን አይፈርሙ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሌላው ነገር በኋላም ሊስተካከል ይችላል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው የፈረሙበትን ቃል ማስተባበል ግን ከባድ ነው። ተገደው ፈርመው ቢሆን እንኳ መገደድዎን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ደብዳቤውን ተረከብ ካሉዎት ይረከቡ። ከሥሩ «ደብዳቤው ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ይጻፉና ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ቅጂ ሳይዙ አይውጡ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ጉዳይዎ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። መቆለፊያው እየሠራ እርስዎ ሳይቆልፉት ሄዱ? ወይስ ልቆልፍ ቢሉም የማይቆልፍ ነበር? የድርጅቱ ወረቀት ይህን ጥያቄ ጨርሶ አያነሳውም። «ሳያስር» ብሎ አልፎታል።

ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ዶሊ አይቶ ላያውቅ ይችላል። «ሳያስር» የሚለውን ሲያነብ ገመድ ወይም ቀበቶ የረሱ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አሠራሩን ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ቀለል አድርገው፣ ቢቻል በሥዕል ጭምር ያስረዱ። ፓሌት ዶሊ ላይ በገመድ አይታሰርም። ዕቃው ከፓሌቱ ጋር በመረብ ይያያዛል። ፓሌቱ ራሱ የሚቀመጠው ሮለር (ተሽከርካሪ ዘንግ) ላይ ነው። ሮለሩ ደግሞ የተሠራው ቶኖች የሚመዝን ፓሌት በሰው ግፊት እንዲንቀሳቀስ ነው። በስፋት የሚሠራበት 244 በ318 ሴንቲ ሜትር የሆነው ፓሌት ከነጭነቱ እስከ 6,804 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን ሁሉ ክብደት ቦታው ላይ የሚይዘው ከዶሊው ጠርዝ ብቅ የሚል የብረት ማቆሚያ ነው፤ መቆለፊያ ያሉት እሱን ነው። በአንዳንዱ ዶሊ ማቆሚያው በእጅ ይነሳል፣ በአንዳንዱ በእግር ፔዳል። ሌላው በራሱ ክብደት ወይም በሞላ ኃይል ተመልሶ ይቆማል። ሞላው ከላላ፣ መዞሪያው ውስጥ ቆሻሻ ከገባ ወይም ብረቱ ተመትቶ ከተጣመመ ሹፌሩ የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ ማቆሚያው አይነሳም።

ሁለተኛው ማስረዳት ያለብዎ ነገር «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ለእኔ የክርክሩ ልብ እሱ ነው። ብዙዎቹ ዶሊዎች ላይ ፓሌት የሚገባውና የሚወጣው በጎን ነው። ሮለሮቹ ወደ ጎን ይሽከረከራሉ ማለት ነው። ኩርባ ላይ ጭነቱን የሚገፋው ኃይልም ወደ ጎን ነው። ኃይሉ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ይረዳል። ግን ሮለር ላይ ያለ ፓሌት በጣም ትንሽ ግፊትም ስለሚበቃው፣ ቀስ ብሎ መንዳት የጎደለውን መቆለፊያ አይተካም። ሱፐርቫይዘሩ ብልሽቱን አውቆ ያን ትእዛዝ ከሰጠ አደጋውን አውቆ ተቀብሏል፤ ያደረገውም በአሠሪው ስም ነው። የእርስዎ ዶሊ ሮለር በየት በኩል እንደሚሽከረከር አረጋግጠው ይጻፉልኝ።

ችግሩ፣ የነገሩት በቃል ነው። ያ ሰው ነገ «አልሰማሁም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ጽሑፍ ይለውጡት። እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ «በዚህ ቀንና ሰዓት፣ ቁጥሩ ይህ የሆነ ዶሊ በዚህ በኩል ያለው መቆለፊያ እንደማይነሳ ለሱፐርቫይዘሬ በቃል አሳውቄያለሁ። እንድነዳ ስለታዘዝኩ ነድቻለሁ። ለጉዳቱ ኃላፊ ነህ መባሉን አልቀበልም። ዶሊው ሳይጠገን በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመር፣ የጥገና መዝገቡ፣ የአደጋ ሪፖርቱና የካሜራ ምስሉ እንዲጠበቁ እጠይቃለሁ።» ለሰው ኃይልና ለደህንነት ክፍል በቅጂ ያስገቡ። ማኅተም ያስመቱበት፤ እምቢ ካሉ በኢሜይል ይላኩ።

እዚህ ላይ መፍጠን አለብዎት። የካሜራ ቅጂ በየጊዜው በአዲስ ይተካል። የተበላሸ ሞላ በግማሽ ሰዓት ይቀየራል። ከተቀየረ በኋላ መቆለፊያው «ሲሠራ የነበረ» ይሆንና ክርክሩ የእርስዎ ቃል በእነሱ ቃል ላይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀደም ሲል ያንን ዶሊ የጎተቱ ባልደረቦች ብልሽቱን ሪፖርት አድርገው ከነበረ ያ ወረቀት ወርቅ ነው። ዶሊውን ከመጋዘን ጭኖ ያስረከበዎትን ሠራተኛ ስም ይያዙ። ድርጅቱ በዶሊ መቆለፊያ ላይ ሥልጠና ሰጥቶዎት ከሆነም መቼ እንደሆነ ያስታውሱ። ፎቶ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአየር ማረፊያ የተከለከለ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የደህንነት ክፍሉ እንዲያነሳ በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካለ እምቢታው ለእርስዎ ማስረጃ ይሆናል።

ደካማ ጎንዎንም ልንገርዎ፣ የድርጅቱ ጠበቃ ያነሳዋልና። ዶሊ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማቆሚያዎቹ መነሳታቸውን ማየት በዘርፉ የታወቀ የሹፌር ግዴታ ነው። እርስዎም አይተዋል፣ ብልሽቱንም አውቀዋል፣ ግን ነድተዋል። ፍርድ ቤት «ማቆም ነበረብህ» ብሎ ከጥፋቱ የተወሰነ ድርሻ ሊሰጥዎት ይችላል። ያ ግን ሙሉውን ከመክፈል በጣም ይለያል። ጥፋት የጋራ ሲሆን ካሳውም ይከፋፈላል፤ ትልቁ ድርሻ የተበላሸ ዶሊ ሥራ ላይ ባስቀመጠውና ንዳ ባለው ላይ ያርፋል። ምናልባት «ብልሽቱን ከአደጋው በኋላ ነው ያወቅኩት» ማለት ያዋጣኛል ብለው ያስቡ ይሆናል። አይሞክሩት። ለሱፐርቫይዘሩ አስቀድመው መንገርዎ ትልቁ ጋሻዎ ነው።

ለወደፊቱም ይህን ይወቁ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት፣ በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነበት ሥራ ራሱን ያገለለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ቅጣት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ያው ስምምነት አሠሪው መሣሪያዎቹ ደህና መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ስምምነት ከመሠረታዊዎቹ ተርታ አስገብቶታል። ማቆሚያ የሌለው ዶሊ ላይ ስድስት ቶን ይዞ ሰው በሚመላለስበት መንገድ አልሄድም ማለት እልኸኝነት አይደለም። የወደቀው ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ደመወዝ አይሆንም ነበር።

ወደ ደመወዙ እንምጣ። አሠሪ ኪሳራ ስለደረሰበት ብቻ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 95 የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት (1949) ከደመወዝ የሚቆረጠው በአገሩ ሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተፈቀደው መጠን ብቻ ነው ይላል። አብሮት የወጣው ቁጥር 85 ምክረ ሐሳብ ደግሞ ለእርስዎ ክርክር ይጠቅማል። ለተበላሸ የአሠሪ ዕቃ የሚቆረጠው ሠራተኛው ኃላፊ መሆኑ በግልጽ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። መጠኑ ፍትሐዊ መሆን፣ ከደረሰው ኪሳራም ማለፍ የለበትም። ከውሳኔው በፊትም ሠራተኛው ለምን እንደማይቆረጥበት የማስረዳት ዕድል ማግኘት አለበት። ምክረ ሐሳብ እንደ ስምምነት አያስገድድም፤ ለክርክር ግን ጥሩ መመርኮዣ ነው። የእርስዎ ድርጅት ከሦስቱ አንዱንም አላሟላም። ምርመራ የለም፣ ስሌት የለም፣ እርስዎም አልተሰሙም። በሚሠሩበት አገር የሠራተኛ ሕግ ውስጥ ስለ ደመወዝ ተቀናሽ የሚናገረውን አንቀጽና የኅብረት ስምምነታችሁን ይዘው ይምጡ፤ በየወሩ ሊቆረጥ የሚችለው ጣሪያ የሚገኘው እዚያ ነው።

«ሙሉ ዋጋ» የሚለውም ራሱ አጠያያቂ ነው። ጭነቱ ወደ ውጭ የሚሄድ ነበር ብለዋል። አገራቱ ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዣ የሚደነግገውን የ1999ኙን (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ካጸደቁ አጓጓዡ (አየር መንገዱ) ለላኪው የሚከፍለው ካሳ ጣሪያ አለው። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ ግራም 26 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ላኪው ልዩ ዋጋ አስመዝግቦ ተጨማሪ ካልከፈለ በቀር ከዚያ በላይ አይጠየቅም። የሚሰላውም በተጎዳው ዕቃ ክብደት ነው። 400 ኪሎ ግራም ከተጎዳ ጣሪያው 10,400 ኤስዲአር ይሆናል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው የማሽኑ ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን። በሥራቸው ላይ ያሉ የአጓጓዡ ሠራተኞችና ወኪሎችም በዚህ ጣሪያ መጠቀም ይችላሉ። በብዙ አገሮች የምድር አገልግሎት ድርጅት እንደ ወኪል ይታያል።

ሌላም አለ። ዕቃ ተጎድቶ የደረሰው ተቀባይ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከተ፣ አጓጓዡ ካላጭበረበረ በቀር ክስ ማቅረብ አይችልም። ክሱ ራሱም በሁለት ዓመት ይዘጋል። አየር መንገዱና የእርስዎ ድርጅት የሚተዳደሩበት የአገልግሎት ውልም ብዙ ጊዜ ድርጅቱ የሚከፍለውን ይገድባል። ኢንሹራንስም ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ማን ጠየቃችሁ? ስንት ከፈላችሁ? ኢንሹራንስ ስንቱን ሸፈነ? ያልከፈለውን ከእርስዎ ሊወስድ አይችልም። ኢንሹራንስ የከፈለለትንም ሁለተኛ ጊዜ ከእርስዎ ኪስ ማውጣት የለበትም።

ምርመራው መቆለፊያው ደህና እንደነበር ቢያሳይስ? ያኔም ሌሎች ነገሮች ይታያሉ። ፓሌቱ 224 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነና ማቆሚያዎቹ ለ244 ተስተካክለው ከነበረ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ፓሌቱ በዚያ ክፍተት ፍጥነት ይዞ ማቆሚያውን ይመታል። የፓሌቱ ጠርዝ ተጣሞ ከነበረም ማቆሚያውን ሊዘል ይችላል። ሁለቱም ፓሌቱን ወደጫነው ክፍል ያመለክታሉ። የወደቀው ፓሌት ከተጠገነ ወይም ከተጣለ በኋላ ይህን ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ በደብዳቤዎ ላይ «ፓሌቱም እንዲጠበቅ» የሚል ይጨምሩ።

«ካልፈረምክ ትባረራለህ» ያለዎትን ሰው፣ ቀኑንና አብሮ የሰማውን ሰው ዛሬ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ዛሬውኑ ያሳውቁ። ቢያሰናብቱዎት ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ በብዙ አገር አጭር ነው፤ የስንብት ደብዳቤው በደረሰዎት ቀን ጠበቃ ያግኙ።

ሥራውን ልልቀቅ ላሉት፣ አሁን አይልቀቁ። በራስዎ ፈቃድ ከለቀቁ ከሕገ ወጥ ስንብት ጋር የተያያዙ መብቶችዎን ሊያጡ ይችላሉ። ድርጅቱም የመጨረሻ ክፍያዎን «ለዕቃው» ብሎ ይዞ ሊያስቀር ይሞክራል፤ ያኔ ገንዘቡን ለማስመለስ ከሳሽ የሚሆኑት እርስዎ ናቸው። በሥራ ገበታዎ ላይ ይቆዩ። በሰዓቱ ይግቡ። በየፈረቃው ከመነሳትዎ በፊት የእያንዳንዱን ዶሊ ማቆሚያ ይፈትሹ፤ የማይነሳ ካገኙ የዶሊውን ቁጥር በጽሑፍ ሪፖርት አድርገው ሌላ ዶሊ ይጠይቁ። የደብዳቤውን ቅጂና የኅብረት ስምምነቱን እንዳገኙ ይላኩልኝ፤ መልሱን አብረን እናዘጋጃለን።