መልስ፦ የአዝራሩ ጽሑፍ ከገጹ ፊደል ለምን ይለያል?

ሰላም ለእርስዎ። የድረ ገጽዎን ጽሑፍ በሙሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወደተባለው ፊደል (ፎንት) ቀይረው ሳለ አዝራሮቹ ብቻ በሌላ ፊደል እንደሚታዩ፣ በስልክ ደግሞ «የይለፍ ቃል ይቀይሩ» የሚለው ጽሑፍ ከአዝራሩ ዳር እንደሚያልፍ ጽፈዋል።

የፊደሉ ነገር ቀላል ነው። ብራውዘሮች ለአዝራር የራሳቸውን ፊደልና መጠን ስለሚሰጡ ከገጹ አይወርስም። የገጹን መልክ በሚወስነው የሲኤስኤስ ፋይልዎ የአዝራሩን ፎንት «ኢንሄሪት» (ከገጹ ውረስ) ይበሉት፤ በአንድ መስመር ያበቃል።

ዳር ማለፉ የመጣው ስፋቱን በ120 ፒክስል ስለቸነከሩት ነው። ይህ ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል የተሰፋ ልክ ነው። ስፋቱንም ቁመቱንም ያጥፉና በጽሑፉና በአዝራሩ ዳር መካከል ውስጣዊ ክፍተት ይስጡት፤ ከላይና ከታች 12፣ ከግራና ከቀኝ 20 ፒክስል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጽሑፉ ሲረዝም አዝራሩ አብሮት ይሰፋል። ዝቅተኛውን ቁመት 44 ፒክስል ካደረጉት ደግሞ አውራ ጣት አይስተውም።

ጽሑፉን ካደመቁት የፊደሉን ደማቅ ዝርያ፣ ማለትም 700ውን፣ አብረው ይጫኑ። አለበለዚያ ብራውዘሩ በራሱ ያወፍረዋል፤ የ«ጠ» እና የ«ሐ» እግሮች ተጠጋግተው በትንሽ መጠን ለማንበብ ያስቸግራሉ።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ በላኩት ኮድ ውስጥ ያለውን «አውትላይን ኖን»፣ ማለትም የተመረጠውን አዝራር የሚከበውን ጠርዝ የሚያጠፋውን ትእዛዝ፣ እባክዎ ያውጡት። መዳፊት ሳይዙ በታብ ቁልፍ የሚጓዙ ሰዎች የት እንደደረሱ የሚያውቁት በዚያ ጠርዝ ነው። መልኩ ካስጠላዎት «ፎከስ ቪዚብል» በሚለው የሲኤስኤስ መምረጫ ለጠርዙ የራስዎን ቀለም ይስጡት። በቢጫው አዝራርዎ ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍም አይነበብም፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንፅፅር ይጠይቃል፤ ወደ ጥቁር ይቀይሩት።